የተለወጠውን ፋይል ስለ መለየት

ከብዙ ሺህ ፋይሎች መካከል የተለወጠው የትኛው ነው? ፕሮግራም የሚጠግን ባለሙያ ሁሉ እርማት ከማውጣቱ በፊት ይህን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል። ሁሉንም ገልጦ ማንበብ እርግጠኛ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈጃል። ሳያነቡ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው በ1976 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሥራው ያነሣሣው አንድ ባልደረባውን የገጠመው ችግር ነበር። ሰውየው ስሕተቱን አስቀድሞ አርሞ ሳለ፣ የታረመው ክፍል እንደገና ወደ ማሽን ቋንቋ ስላልተተረጐመ፣ ደኅናውን ጽሑፍ ሲመረምር ረፋዱን በከንቱ አሳለፈ። የሜክ ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ የምንጩ ፋይል የተጻፈበት ጊዜ ከውጤቱ ጊዜ የዘገየ ከሆነ ውጤቱ እንደገና ይሠራል። ይዘቱን ማነጻጸር አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ሀንትና ማክኢልሮይ ሁለት ጽሑፎችን በየመስመሩ የሚያነጻጽረውን የዲፍን ስልት በጽሑፍ አቀረቡ፤ በ1985 ደግሞ ላሪ ዎል የተገኘውን ልዩነት በሌላ ቅጂ ላይ የሚያውለውን ፓችን አወጣ።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን ሲጀምር የሊኑክስ ከርነል ከ17,000 በላይ ፋይሎች ነበሩት። ጊት የእያንዳንዱን ፋይል የይዘት አሻራ፣ የተጻፈበትን ጊዜና መጠኑን በአንድ መዝገብ ይይዛል። ለውጥ ሲፈለግ በቅድሚያ ጊዜውንና መጠኑን ያስተያያል፤ ይዘቱን የሚመረምረው እነዚህ ካልተስማሙ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ቅልጥፍና ነው። አንድ ፋይል ከተመዘገበ በኋላ በዚያችው ሰከንድ ውስጥ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ፣ 1 የነበረው ቍጥር 2 ቢሆን መዝገቡ «አልተለወጠም» ብሎ ይመሰክራል። የሰው እጅ ይህን ያህል አይፈጥንም፤ ብዙ ፓቾችን በተከታታይ የሚያውል ፕሮግራም ግን ይፈጥናል። ለውጡም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከሚቀጥለው እርማት ይቀራል።

ሁሉን ወደ ማንበብ መመለስ ሳያስፈልግ መፍትሔ ተገኘ። ፋይሉ የተጻፈው መዝገቡ ከተጻፈበት ጊዜ በፊት ከሆነ ምስክርነቱ ይታመናል፤ በእኩል ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ይዘቱ ይነበባል። መዝገቡ እንደገና ሲጻፍ ጊዜው ወደ ፊት ስለሚሄድ ጥርጣሬው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጊት እንዲህ ተለውጦ ያገኘውን ፋይል መጠኑን ዜሮ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ባዶ ያልሆነ ፋይልም መጠኑ ዜሮ ሊሆን ስለማይችል፣ በሚቀጥለው ፍተሻ ሁለቱ አይስማሙም።