ቻይና እና ሊቱዌኒያ፦ በአንድ ስም የሻከረው ግንኙነት

በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ሊቱዌኒያ የሕዝቧ ቁጥር ሦስት ሚሊዮን አይሞላም። ከቻይና ጋር የገባችበት ውዝግብ ግን የአውሮፓ ኅብረትን እስከ ዓለም የንግድ ድርጅት አድርሶታል። የጠቡ መነሻ በዋና ከተማዋ ቪልኒየስ የተከፈተ አንድ ጽህፈት ቤት፣ በተለይም የጽህፈት ቤቱ ስያሜ ነው።

ሁለቱ አገራት ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት የሊቱዌኒያ ነጻነት ዓለም አቀፍ እውቅና ባገኘበት ወቅት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 1991 ነበር። ሊቱዌኒያ በኋላም ቻይና ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ አገራት ጋር በመሠረተችው የትብብር መድረክ ታቅፋ ቆይታለች። በ2020 ምርጫ ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥት ግን ከቤላሩስ እስከ ታይዋን ለነጻነት ከሚታገሉ ወገኖች ጎን እንደሚቆም ቃል ገባ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ወር አገሪቱ መድረኩ አውሮፓን የሚከፋፍል ነው ብላ ወጣች።

ቤይጂንግ ታይዋንን የግዛቷ አካል አድርጋ ትቆጥራለች። በመሆኑም ከቻይና ጋር ወዳጅነት ያላቸው የአውሮፓ አገራት የታይዋንን ተወካዮች ሲያስተናግዱ፣ ጽህፈት ቤቱ በአብዛኛው የሚጠራው “ታይፔይ” በሚለው የከተማ ስም ነው። በኅዳር 2021 በቪልኒየስ የተከፈተው ግን “ታይዋን” የሚለውን ስም ይዞ ብቅ አለ። ስያሜው ለአፍሪካ ቀንድም እንግዳ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በፊት በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ የተከፈተው ጽህፈት ቤት በዚሁ ስም ነው የሚጠራው።

የቻይና ምላሽ ፈጣን ነበር። የጽህፈት ቤቱ ዕቅድ ይፋ እንደሆነ፣ በነሐሴ 2021፣ አምባሳደሯን ጠራች። ጽህፈት ቤቱ በተከፈተ በቀናት ውስጥ ደግሞ ግንኙነቱን ወደ ጉዳይ ፈጻሚ ደረጃ ዝቅ አደረገችው። በታኅሣሥ ወር የሊቱዌኒያ ዲፕሎማቶች ቤይጂንግን ለቀው ወጡ።

በዚያው ወር የሊቱዌኒያ ላኪዎች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው፤ የአገራቸው ስም ከቻይና ጉምሩክ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ጠፍቶ ዕቃቸውን ማስገባት አልቻሉም። ሊቱዌኒያ ወደ ውጭ ከምትልከው ምርት ወደ ቻይና የሚሄደው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር፣ ለብዙዎች ጉዳቱ ቀላል መስሎ ነበር። ሆኖም ከባዱ ጫና የመጣው በሌላ በር ነው። በቻይና ሰፊ ገበያ ያላቸው የጀርመንና የሌሎች አገራት ኩባንያዎች በምርቶቻቸው ውስጥ የሊቱዌኒያ መለዋወጫ እንዳይጠቀሙ ግፊት እንደተደረገባቸው ተዘገበ። ይህ ለትንሿ አገር ከጉምሩኩ መዘጋት የበለጠ የሚያሰጋ ነበር፤ ምጣኔ ሀብቷ የተሳሰረው ከቤይጂንግ ይልቅ ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ጋር ነውና። ቻይና በበኩሏ ክሱን አስተባብላለች።

ታይዋን ለአጋሯ ለመድረስ ሞክራለች። ወደ ቻይና ይሄድ የነበረ ከ20 ሺህ ጠርሙስ በላይ የሊቱዌኒያ ሩም ገዛች፤ የ200 ሚሊዮን ዶላር የኢንቨስትመንት ፈንድ እና የአንድ ቢሊዮን ዶላር የብድር መርኃ ግብርም ይፋ አደረገች። በአገር ውስጥ ግን ጥያቄው አልበረደም። ፕሬዝዳንት ጊታናስ ናውሴዳ በጥር 2022፣ ስህተቱ ጽህፈት ቤቱ መከፈቱ ሳይሆን ስያሜው መሆኑን ተናገሩ።

የአውሮፓ ኅብረት አባላት የንግድ ፖሊሲ የጋራ በመሆኑ፣ ኅብረቱ በዚያው ወር ጉዳዩን ለዓለም የንግድ ድርጅት አቀረበ። ክሱ ግን በይፋ ያልታወጁ እርምጃዎችን በማስረጃ ማሳየትን የሚጠይቅ ነበር። ኅብረቱ በጥር 2024 ሂደቱን አቋረጠ፤ ከዓመት በኋላም ክሱ ያለ ብይን ቀረ። በአንጻሩ በንግድ ጫና የሚያስገድዱ አገራትን ለመመከት የሚያስችለው የኅብረቱ ሕግ በታኅሣሥ 2023 ሥራ ላይ ውሏል።

በ2024 መጨረሻ በሶሻል ዴሞክራቶች የሚመራው መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ፣ ግንኙነቱን ወደ አምባሳደር ደረጃ የመመለስ ፍላጎቱን ገለጸ። ተሰናባቹ መንግሥት ግን ከሳምንታት በፊት በቪልኒየስ የቻይና ኤምባሲ ሦስት ሠራተኞች አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ አዝዞ ነበር።