የጠፍር አልጋና የመኝታ ቤት አሰነዳድ

አልጋ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም ይዞ ኖሯል። አንደኛው ሰው የሚተኛበት ዕቃ ሲሆን ሁለተኛው መንግሥት ነው። በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ እንደራሴ ለሆኑት ለራስ ተፈሪ መኰንን የተሰጣቸው ማዕርግ አልጋ ወራሽ የሚል ነበር። ዙፋን የሚል ቃል እያለ መንግሥት በአልጋ ስም መጠራቱ፣ ይህ ዕቃ በአባቶቻችን ዘንድ ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው ያስረዳናል። ወደ ጌታው ክፍል የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየውም ሹም እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር።

አብዛኛው ሕዝብ ግን በመደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ይተኛ ስለ ነበር፣ አልጋ ያለው ቤት የተከበረ ቤት ነበር። የአሠራሩም ጥበብ ቀላል አልነበረም። አናጢው ዋንዛ ወይም ሌላ ጥሩ እንጨት ጠርቦ አራት እግርና ክፈፍ ያበጃል። የበሬ ቆዳ በርጥቡ ተተልትሎ ጠፍር ይሆናል፤ ጠፍሩም ሳይደርቅ በክፈፉ ላይ ወዲህና ወዲያ ተጠላልፎ ይወጠራል። ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይጠነክራል። በላዩ ጀንዲ ወይም አጎዛ ይነጠፋል፤ ልብሱ ጋቢ ወይም ቡሉኮ፣ በብርዳሙም በመንዝ አገር ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ነው።

በዚያው በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ደረሰ። የባሕር ማዶ ዕቃ መምጣት ስለ ቀለለ፣ የብረትና የሽቦ አልጋ፣ በኋላም የስፖንጅ ፍራሽ በየቤቱ ገባ። ይህን አንነቅፍም። የብረት አልጋ ለማጠብ ይመቻል፤ በጠፍሩና በእንጨቱ መጋጠሚያ ግን ትኋን ይሸሸጋልና። የሚያሳዝነን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። አሮጌው አልጋ ከእልፍኝ ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ዶሮ ይሰፍርበታል፤ በመጨረሻም ተፈልጦ ይማገዳል። ሙሽራ የተቀበለው፣ አራስ ያሳረፈው፣ ሽማግሌ ያስታመመው ዕቃ በአንድ ቀን እሳት ዐመድ ይሆናል።

ዕቃ በቦታው ሲጠበቅ ምን እንደሚናገር ማየት የሚፈልግ ሰው ስድስት ኪሎ ይሂድ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል። በዚያ ባለው ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ለተመልካች ክፍት ነው። ያ አልጋ በመጋዘን ተጥሎ ቢሆን ኖሮ እንጨት ብቻ በሆነ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ በመሆኑ ግን ዘመኑን ይተርካል።

እንግዲህ የአያቱን የጠፍር አልጋ የወረሰ ሰው፣ ክፍሉ ሁሉ ለአልጋው እንዲታዘዝ አድርጎ ያሰናዳ። አስቀድሞ መጋጠሚያውን በሚገባ አጽድቶ የላላውን ጠፍር ያስጠብቅ። እንጨቱን ቀለም አይቀባው፤ የዘመን ብዛት የሰጠው ጥቍረት ራሱ ጌጥ ነው። ፀሐይ ጠፍሩን ያሰነጥቀዋል፣ እርጥበትም ያበሰብሰዋልና ከመስኮትና ከረጠበ ግድግዳ ያርቀው። በክፈፉ ልክ የጥጥ ፍራሽ ያሰፋለት፤ በላዩም ነጭ ጋቢ ያልብሰው። ጥቍሩ እንጨት ጐልቶ እንዲታይ ግድግዳው ነጭ ወይም የአፈር መልክ ያለው ይሁን። በግርጌ አንድ የእንጨት ሣጥን፣ በወለሉ የበግ ጠጕር ስጋጃ፣ በራስጌም መብራት የሚቀመጥበት የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይበቃል። ጋሻውን፣ ጦሩን፣ መሶቡን፣ ገንቦውን ሁሉ በአንድ ክፍል የሚያከማች ሰው የሚያገኘው የገበያ መደብር እንጂ መኝታ ቤት አይደለም። በአንድ ቤት አንድ አባወራ እንደሚበቃ፣ በአንድ ክፍልም አንድ የጥንት ዕቃ ይበቃል።

ከጌጡ ይልቅ ደግሞ የሚበልጥ ሥራ አለ። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ አልጋው በማን እጅ እንደ ተሠራ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ተወለደበት ጠይቆ በወረቀት መጻፍና በሣጥኑ ውስጥ ማኖር ይገባል። ታሪኩ ያልታወቀ አልጋ ለልጅ ልጅ እንጨት ሆኖ ይደርሳልና። አልጋ መውረስ የነገሥታት ልጆች ዕድል ብቻ አልነበረም፤ የአያቱን አልጋ ከነታሪኩ የጠበቀ ሁሉ በቤቱ አልጋ ወራሽ ነው።