ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌውና ሕጉ

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብዙ መንደሮች ነፍሰ ጡር ስትከበር ኖራለች። አምሮቷ እንዳይቀርባት ጎረቤት ይሯሯጣል። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ከሆነ ወሯ ሲገባ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ምጥ ሲይዛት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ ስትገላገል ገንፎው ይገነፋል። ይህን ሁሉ ክብር የሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ ባል በእርጉዝ ሚስቱ ላይ እጁን ሲያነሳ ግን ነገሩን የቤት ገበና ብሎ ያልፈው ነበር።

የተደበደበች ሴት ተቆጥታ ወላጆቿ ቤት ትገባለች። ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ እርቅ ይወርዳል፤ እሷም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ሽምግልናው ብዙ ትዳር አትርፏል። የሚጠብቀው ግን ትዳሩን እንጂ የሴትየዋን ገላ አልነበረም።

የተጻፈው ሕግም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰዎች ሲጣሉ እርጉዝ ሴት መትተው ቢያስወርዷት ካሳ እንዲከፍሉ ያዝዛል፤ የካሳውን ልክ የሚጠይቀው ባልዋ ነው። መቺው ራሱ ባልዋ ሲሆንስ? ለዚያ የተባለ ነገር የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። ድንጋጌው በፌዴራል ደረጃ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. እስኪተካው ድረስ አርባ ዓመት ቆየ።

ያ ሁሉ ዝምታ ምን ያህል ሸፍኖ እንደነበር ያሳየው ቡታጅራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የገጠር ጤና ጥናት ሲያካሂዱበት የቆዩት ይህ አካባቢ፣ በ1990ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ላደረገው ጥናት ተመረጠ። ጠያቂዎቹ ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ ያነጋግራሉ፤ መልሷ ቤቷ ውስጥ ሌላ ዱላ እንዳያመጣባት ጥናቱ የሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ በሚል ስም ይጠራ ነበር። ከ3,000 በላይ ሴቶች ተናገሩ። ከትዳር አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብን ያውቃል ያሉት 71 በመቶ ነበሩ። አርግዘው ከሚያውቁት ውስጥ 8 በመቶዎቹ በእርግዝናቸው ወቅት ተደብድበዋል።

ሆድ ላይ የሚያርፍ ምት የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን ሊያላቅቅ፣ ደም ሊያፈስ፣ ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ጠባሳው በአካል ላይ ብቻ አይቀርም። በፍርሃት የምትኖር እርጉዝ የሕክምና ክትትሏን ታቋርጣለች፣ እንቅልፍ ታጣለች፤ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፤ ጭንቀቱም እስከ አራስነቷ ይከተላታል። ተመራማሪው ንጉሴ ደየሳና ባልደረቦቻቸው እዚያው ቡታጅራ ባደረጉት ጥናት የባል ጥቃትና የሴቶች ድብርት የተያያዙ መሆናቸውን አሳይተዋል። እርቅ ወርዷል ተብሎ በተመለሰችበት ቤት ውስጥ ይህን ሕመም የሚያይላት ሽማግሌ አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በኃይል የሚደርስን የአካልም ሆነ የአእምሮ ጤና ጉዳት ወንጀል አደረገ። ገበና ይባል የነበረው በደል በሕግ ስም አገኘ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። አንቀጹ ግን ለብቻው ቅጣት አላስቀመጠም፤ ወደ ተለመዱት የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይመራል፣ እርግዝናንም በስም አይጠራም። ልማዱም ቢሆን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል፤ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው የሚያምኑ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 85 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. እንኳ ገና 63 በመቶ።