እግር ለማትረፍ ስንት ቀን ጨረር ይበቃል?

ጡንቻና ስብን በመሳሰሉ ለስላሳ የሰውነት ክፍሎች የሚነሳው ካንሰር ሳርኮማ ይባላል። እግር ወይም እጅ ላይ ሲወጣ ድሮ ብዙ ጊዜ መፍትሔው መቁረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 43 ሕሙማንን በዕጣ የመደበበት ጥናት ታተመ። 16ቱ ተቆረጡ፤ 27ቱ ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ወሰዱ። በሕይወት በመቆየት ጉልህ ልዩነት አልታየም።

እግሩ ተረፈ፤ ጨረሩ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ለምን?

መልሱ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። ክላውዲየስ ሬጎ የአውራ በግ ዘር ፍሬ ላይ ጨረር ሞከረ። በአንዴ ሲሰጠው ቆዳው ክፉኛ ይጎዳል፤ በቀናት ሲያከፋፍለው ግን በጉ መከነ፣ ቆዳውም ተረፈ። በ1920ዎቹ አንሪ ኩታር ይህንኑ ሐሳብ ለጉሮሮ ካንሰር አዋለው። ቀስ በቀስ በቀን 2 ግሬይ ገደማ መስጠት ልማድ ሆነ።

በ2002 የወጣ የካናዳ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊት 50 ግሬይ በ25 ጊዜ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ 66 ግሬይ በ33 ጊዜ ሰጥቶ አወዳደረ። ጨረሩ ሲቀድም የቁስል ችግር ከ17 ወደ 35 በመቶ ከፍ አለ። ሆኖም የጨረሩ መጠንም የሚያርፍበት ቦታም ስለሚያንስ ብዙዎች ማስቀደሙን መረጡ።

ታዲያ ማሳጠር ይቻላል? ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ጠቅላላ መጠን × (1 + የአንድ ጊዜ መጠን ÷ አልፋ ለቤታ)። አልፋ ለቤታ የሕብረ ሕዋሱን ባሕርይ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ለሳርኮማ 4 ብንወስድ፣ 50 ግሬይ በ25 ጊዜ 75 ይሰጣል፤ 30 ግሬይ በ5 ጊዜም 75! ለጤናማው ሥጋ 3 ብንወስድ ግን 83 የነበረው 90 ይሆናል። ዋጋው እዚህ ጋ ነው፤ ቁጥሮቹም ግምት ናቸው።

ስለዚህ በሰው መፈተን ነበረበት። በ2020 የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች 30 ግሬይ በ5 ጊዜ ሰጥተው ከባድ የቁስል ችግር በ32 በመቶው አዩ። በ2022 የሂዩስተኑ ኤምዲ አንደርሰን 42.75 ግሬይ በ15 ጊዜ ሰጥቶ 31 በመቶ አገኘ። ከድሮው አልባሰም ማለት ነው። ሁለቱም ግን ማወዳደሪያ ቡድን አልነበራቸውም፤ ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳትም የሚታየው በዓመታት ነው።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከሩቅ ለሚመጣ ታማሚ 25 ቀን ማለት አምስት ሳምንት ቤት መከራየት ወይ ዘመድ ማስቸገር ነው። ማሽኑ ላይም የአንድ ሰው 25 ተራ ለአምስት ሰው ይደርሳል፤ እርግጥ 6 ግሬይ በአንዴ ሲሰጥ የማነጣጠር ስህተቱ ይበልጥ ውድ ነው።