ፍርድ በሕዝብ ፊት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የሙግት ወግ ልንገራችሁ።

ድሮ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣሉ። አንዱ «በሕግ አምላክ!» አለ፤ ሌላው እጁን ሰበሰበ። አላፊ አግዳሚውን አስቆሙና «ዳኘን» አሉት። መንገደኛውም ጉዞውን ትቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ባላጋራዎቹ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ቆሙ፤ «በላ ልበልሃ!» እየተባባሉም ተሟገቱ። ሕዝቡ ከቦ አደመጠ።

ነገሩ እዚያ ካልበረደ በይግባኝ እየወጣ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። እዚያ የነበረውን ሥርዓት ልብ በሉልኝ። በችሎቱ ካሉት ሹማምንት መጀመሪያ ሐሳቡን የሚሰጠው ታናሹ ነው፤ ከዚያ ከፍ ያለው፣ በመጨረሻ ንጉሡ። ትልቁ ቀድሞ ከፈረደ፣ ታናሹ ምን አፍ ኖሮት ይቃወማል?

ተራ ሰው የሚፈርድበት ሥርዓት ሌላ አገርም አለ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ጁሪ ይባላል። በከባድ ወንጀል በተለምዶ 12 ተራ ዜጎች ማስረጃ ሰምተው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ፤ ቅጣቱን አብዛኛውን ጊዜ ዳኛው ይወስናል። እኛ ዘንድ ግን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሲደራጁ ፍርዱ በተሾሙ ዳኞች እጅ ገባ። ዛሬም ጁሪ የለንም።

አሁን ዳንግላ ወረዳ ፍርድ ቤት እንግባ። ክሱ ይነበባል፤ ተከሳሹ ያምን እንደሆነ ይጠየቃል። ከካደ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ፤ መስቀለኛ ጥያቄም ይቀርብላቸዋል። ማስረጃው ካላሳመነ ተከሳሹ በነፃ ይሰናበታል፤ ካሳመነ «ተከላከል» ይባላል። በፍርዱ ቅር ያለው ወደ እንጅባራ፣ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ ከዚያም በላይ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ።

የአገር ሽማግሌ ዳኝነትስ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ፣ በባህል ሕግ መዳኘትን ያውቃል። ነፍስ ከጠፋ ግን ሽማግሌ ደም ቢያደርቅም የወንጀሉ ክስ የመደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ሁለት ነገር ሰጥቶናል። የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በግልጽ ችሎት ይሰማለታል፤ የችሎቱን ቋንቋ ካላወቀም መንግሥት ከፍሎ ያስተረጉምለታል። አውኚ ብቻ የሚናገር አዛውንት «አልገባኝም» ለማለት ማፈር የለበትም፤ መብቱ ነው።

የዳንግላና የእንጅባራ ልጆች ሆይ፣ የራሳችሁ ክስ ባይኖርም ችሎት ገብታችሁ አድምጡ። ሕዝብ የማይገባበት ግልጽ ችሎት ግልጽነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።