ጎንደርን በአንድ ቀን ለሚያይ

ጎንደርን ለማየት አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግንቡ ገብቶ ቀኑን በዚያው ይጨርሳል። ግንቡን ማየቱ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ግንቡ የንጉሡ ቤት እንጂ ከተማው አይደለም። ከተማውን የሚሻ ሰው ማን ከማን ጋራ እንደ ኖረ፥ ማንስ ከማን ተለይቶ እንደ ተቀመጠ መጠየቅ ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚገኘው ከቅጥሩ ውጭ ነው።

ጠዋቱን ግን በግንቡ ቢጀምር መልካም ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማውን ከቆረቆሩ ወዲህ የነገሡት ነገሥታት በየዘመናቸው እየጨመሩ፥ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል በሆነ ቅጥር ውስጥ ብዙ አዳራሽ ትተዋል። የቅጥሩ በሮች 12 ናቸው። እኔስ ከሕንፃዎቹ ይልቅ የበሮቹን ስም እወዳለሁ፤ ወንበር በር የዳኞች፥ እምቢልታ በር የነፊዎች፥ ተዝካሮ በር የተዝካር፥ አደናግር በር የፈታዮች ነው። ፍርዱም ዜማውም ሐዘኑም ፈትሉም በየበሩ ይገባ ነበርና፥ ስሞቹን በቀስታ የሰማ ሰው የቤተ መንግሥቱን ውሎ ያገኘዋል።

ከዚያ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂድ። የጣራው መላእክት በየተራቸው ቍልቍል ሲያዩ ማንም ዝም ይላል፤ ስለ ሥዕሉ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። መታሰብ የሚገባው ግን ይህ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ያህል የቀረ መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማውን ዘርፈው አቃጠሉ፤ ደርቡሾችም በጥር ወር 1880 ዓ.ም. መጥተው ከዚያ የተረፈውን አብያተ ክርስቲያናት አነደዱ። የንጉሡ ቤት ድንጋይና ኖራ ስለ ሆነ ቆመ፤ የሕዝቡ ቤት ሣር ክዳን ስለ ሆነ ጠፋ። እንግዳውም የቆመውን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ግንቡን፥ ደብረ ብርሃንን፥ የእቴጌ ምንትዋብን ቍስቋም በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሰፈሮቹ በመዝገቡ አልገቡም።

ከሰፈሮቹ አንዱ እጨጌ ቤት ነው። ንጉሥ የተቈጣው ሰው ሮጦ የሚጠለልበት፥ ጦር መጣ በተባለ ጊዜም ነጋዴው ገንዘቡን የሚያኖርበት ቦታ ይህ ነበር። ለእኛ ለጉባኤ ቤት ሰዎች ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየው በዚሁ ከተማ ነውና፥ ስሙ ራሱ የሰፈሩን ዳገትና ቍልቍለት ያሳስበናል።

በ1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ገና በመንግሥታቸው መጀመሪያ ጉባኤ ሰብስበው፥ ፈረንጆች ከአገር እንዲወጡ፥ እስላሞችም ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ አዘዙ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ በቤተ እስራኤልም ላይ ደረሰ። ወደ ቀሃ ወንዝ ወረድ ብሎ ያለው አዲስ ዓለም የእስላሞቹ ሰፈር ነው። በዚያው ወገን የፋሲል መዋኛ አለ፤ ለጥምቀት ከቀሃ ውኃ ተጠልፎ ይሞላል። የሚያስደንቀው ነገር እንዲለዩ የታዘዙት ሰዎች ለከተማው እጅግ የሚያስፈልጉ መሆናቸው ነው። ከምጽዋና ከስናር የሚመጣውን ሐርና ሸቀጥ የሚያገላብጡት የአዲስ ዓለም ነጋዶች ነበሩ፤ ከግንበኞቹና ከአንጥረኞቹም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ።

ምሳው ቢዘገይም ከዚህ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ቀኑ ጾም እንደ ሆነ ሽሮውና ምስሩ፥ ሱፍ ፍትፍቱም አይታጣም፤ ፍስክ እንደ ሆነ ዶሮ ወጡን ከጠላ ጋራ ያቅርቡለት። የደምቢያ ሜዳ ጤፍ እንጀራውን መልካም ያደርገዋል። እንግዳው ግን ምጣዱንና ድስቱን ማን እንደ ሠራው ይጠይቅ። የክርስቲያኑ ወጥ የሚሠራበትን ሸክላ ከገበያ የሚያመጡት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ አብሮአቸው ለመብላት የማይፈቅደው ባለቤት ሸክላቸውን በየቀኑ ከእሳት ላይ ይጥደው ነበር። ከከተማው በስተ ሰሜን ያለችው መንደራቸው ወለቃ ዛሬም በሸክላዋ ትታወቃለች፤ ሰዎቿ ግን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱት ጋራ ሄደዋል።

ወደ ማታ ቡና ይቀርባል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ክርስቲያን አይቀምሰውም፥ ካህናቱም ይከለክሉ ነበር፤ ይህ እየላላ የሄደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አሁን በእጨጌ ቤትም በአዲስ ዓለምም በአንድ ዓይነት ጀበና ይፈላል። አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ነውር ስለ ሆነ፥ በማታ የሚሄድ መንገደኛ ለቶናውና ለበረካው የሚበቃ ጊዜ አስቀድሞ ይተው።