350 ዓመት ያልተኛ እግር

«እግሬ አላስተኛኝ አለ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ይራመዳል። መሽቶ ጋደም ሲል ግን እግሩን ውስጥ ውስጡን የሆነ ነገር ይወርረዋል። ቁርጥማት እንዳይለው ቁርጥማት አይደለም፤ ማሳከክም አይደለም። ተነስቶ ሲንጎራደድ ይተወዋል፤ ተመልሶ ሲተኛ ይመለስበታል። ሐኪሞች «እረፍት የለሽ እግር» ይሉታል። ስሙ ቀልድ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ብዙ የሚያስተምር ነው። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙን በግልጽ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ነው፤ ዘመኑ 1672። ዊሊስ አልጋቸው የስቃይ ቦታ የሆነባቸውን ሰዎች አልናቃቸውም። በአልኮል የተበጠበጠ ኦፒየም ሰጣቸው፤ እፎይታም አገኙ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1861 ጀርመናዊው ቴዎዶር ቪትማክ ይህንኑ ሕመም ከ«ሂስቴሪያ» ጋር አያያዘው። ታማሚው እግሬን ሲል ሐኪሙ ጠባይህ ነው ማለት ጀመረ።

በ1945 ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም ታማሚዎችን ሰብስቦ በጥንቃቄ አጠና፤ ዛሬ የምንጠራበትንም ስም ሰጠው። ኤክቦም ያስተዋለው ትልቅ ነገር ነበር፦ ሕመሙ በነፍሰ ጡሮች፣ የብረት ማዕድን ባነሳቸውና ደም በሚለግሱ ሰዎች ላይ ይታያል። የአገሩ ልጅ ኖርድላንደር በ1953 ብረት በደም ሥር ሰጥቶ ታማሚዎቹ እንደተሻላቸው ጻፈ። ፍንጩ እጅ ላይ ነበር። ግን ለአሥርት ዓመታት ዳር ተቀመጠ።

ለምን? ፈጣን መድኃኒት ስለመጣ ነው። በ1982 ቱርካዊው ሐኪም አክፒናር ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ሌቮዶፓ ይህንንም ሕመም እንደሚያስታግስ አሳወቀ። በ2005 ደግሞ የዶፓሚንን ሥራ የሚተካው ሮፒኒሮል በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተፈቀደ፤ ማስታወቂያውም በቴሌቪዥን ጎረፈ። በ2006 ተቺዎች «ኩባንያዎች ጤነኛውን ሰው በሽተኛ እያደረጉት ነው» አሉ። ትችቱ ስለ ማስታወቂያው እውነት ነበረው፤ ዳፋው ግን በእውነት ለታመሙት ተረፈ። እንደገና መሳቂያ ሆኑ። በ2007 የአይስላንድና የጀርመን ተመራማሪዎች ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ጂኖችን ሲያገኙ ፌዙ መልስ አገኘ።

መድኃኒቱም የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ተአምር ይመስላል። ቆይቶ ግን በማታ የነበረው ስሜት ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ከእግር ወደ እጅ ይዛመታል። መጠኑ ሲጨመር ለጊዜው ይሻላል፤ ከዚያ ይብሳል። አንዳንዱን ታማሚም ለቁማር ሱስ ዳርጓል። ሌቮዶፓ ሕመሙን እንደሚያባብስ በ1996 በግልጽ ተጽፎ ነበር። ሆኖም የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እነዚህ መድኃኒቶች የተለመደ ሕክምና እንዳይሆኑ የመከረው በ2025 ባወጣው መመሪያ ነው። አዲሱ ምክር መጀመሪያ የብረት ክምችት ይታይ ይላል። በአዋቂ ሰው ፌሪቲን 75 ናኖግራም በሚሊሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ብረት ተሸካሚው ትራንስፈሪን የያዘው ብረት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ብረት መስጠት ይታሰባል። ኤክቦምና ኖርድላንደር ወዳሳዩት መንገድ ተመለስን ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ይበልጥ የሚመለከተው ብዙ ሕመም የተደራረበበትን ሰው ነው። የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ፣ ስኳር የእግሩን ነርቭ የጎዳበት፣ ለድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ እግሩን ሲያማርር «ከስኳሩ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ልዩ ምልክቱ ግን አለ፦ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት፣ በእረፍት መባስ፣ በእንቅስቃሴ መቅለል፣ በማታ መጠንከር። የሚውጠውን ሁሉ መቁጠርም ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች፣ ለአለርጂ የሚወሰዱ የሚያስተኙ ክኒኖች፣ ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ያባብሱታል። ፌሪቲን ደግሞ ሰውነት ሲቆጣ ከፍ ስለሚል፣ በኢንፌክሽን ወይም በኩላሊት ሕመም ጊዜ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። ዛሬ የሚመረጡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም በኩላሊት በኩል ስለሚወጡ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠናቸው መቀነስ አለበት።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው፦ ታማሚው የተጎዳው በእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። አንዴ ባለመታመኑ፣ አንዴ ደግሞ ምክንያቱ ሳይፈለግ ስሜቱ ብቻ በመታፈኑ ነው። እናታችሁ ሌሊት ሌሊት ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ ካያችሁ «ጭንቀት ነው» አትበሏት፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዛ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ የብረት ክምችቷም ይታይ። ብረት ሲበዛ ይጎዳልና ያለ ምርመራ አትጀምር፤ የጀመረችውንም መድኃኒት በራሷ አታቋርጥ።